ዳኝነቱ ለሁሉም ነው ወይስ በትንሽ አገር ላይ ብቻ?

የመነሻ ልጥፍ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሲከነክነኝ የቆየ ነገር ነው፤ ላውጣው።

ዘር ያጠፋ፣ የጦር ወንጀል የፈጸመ ወይም እስረኛ ያሰቃየ ሰው፣ ወንጀሉን የትም ይፈጽመው፣ ዜግነቱ የየትም ይሁን፣ ያገኘው አገር ሊዳኘው ይችላል ይባላል። ሁለንተናዊ የዳኝነት ሥልጣን የሚሉት ይኸው ነው። ሲሰሙት ማን ይጠላዋል?

ወደ ተግባሩ ስንመጣ ግን ሌላ ነው። ቤልጂየም በ1993 እንዲህ ያለ ሕግ አወጣች፤ በ1999 ደግሞ አሰፋችው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው፤ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።) በሚያዝያ 2000 አንድ የብራስልስ መርማሪ ዳኛ በኮንጎው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በአብዱላዬ የሮዲያ ላይ የእስር ማዘዣ ቆረጠ። ክሱ ሰውየው በ1998 ሕዝብን በቱትሲዎች ላይ አነሳስቷል የሚል ነው። ንግግሩን አልከላከልለትም። ግን ዳኛ ሆና የተሰየመችው ማን ናት? ኮንጎን ስትገዛ የኖረችው፣ የተገደለውን የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትሯን የሉሙምባን አንዲት ጥርስ እንኳ እስከ 2022 ለቤተሰቡ ያልመለሰችው ቤልጂየም።

ኮንጎ ዝም አላለችም። ሄግ ሄዳ ከሰሰች። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤትም በየካቲት 2002 ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በሥልጣን ላይ እያለ በሌላ አገር ፍርድ ቤት አይያዝም ብሎ ፈረደላት። በዓመቱ አቤቱታው ወደ ትልልቆቹ ዞረ። በ1991 ባግዳድ ውስጥ የአሚሪያ መጠለያ በአሜሪካ ቦምብ ሲመታ ስላለቁት ሰዎች፣ በአባትየው ቡሽ፣ በዲክ ቼኒ እና በኮሊን ፓወል ላይ ክስ ቀረበ። ሰኔ 2003 የአሜሪካው መከላከያ ሚኒስትር ራምስፌልድ ብራስልስ ላይ ቆሞ፣ ሕጉ በዚህ ከቀጠለ ለኔቶ አዲስ ሕንፃ ገንዘብ እንደማይለቁ ተናገረ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሕጉ ተሻረ።

ኮንጎ ከዓመት በላይ ተሟግታ ያገኘችውን አሜሪካ በአንድ መግለጫ አገኘችው። ታዲያ ይህ ሕግ ነው ወይስ ጉልበት?

መልሶቹ

ክሩ በጣም ስለረዘመ፣ ዘግይታችሁ ለምትገቡ የተባለውን በራሴ ቃል አስቀምጬላችኋለሁ። በየመሀሉ የራሴን ጣል ማድረጌ አይቀርም።

1ኛው መልስ ሕግ ያስተማረ ሰው እንደጻፈው ያስታውቃል። በትሕትና ጀመረ። ሐሳቡ የቤልጂየም ፈጠራ እንዳልሆነ አስረዳ። የባሕር ወንበዴን ማንም አገር ይዞ የመዳኘት ልማድ የቆየ ነው። የ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነቶችና የ1984ቱ ማሰቃየትን የሚከለክለው ስምምነት ደግሞ ነገሩን ግዴታ አድርገውታል፤ ወይ ዳኘው፣ ወይ ለሚዳኘው አሳልፈህ ስጥ። እንግዲህ ይህን የፈረሙ ትንንሽ አገሮችም ናቸውና ሉዓላዊነታችን ተነካ ለማለት ይከብዳል ነው ነጥቡ። እኔ ግን ያነሳሁት ሕጉ አለ ወይስ የለም የሚል አልነበረም።

2ኛው አንድ ተረት ብቻ ጥሎ ሄደ፦ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። በክሩ ውስጥ ብዙ መውደድ ያገኘው እስካሁን እሱ ነው።

3ኛው ሄግ ያለው ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት (አይሲሲ) አፍሪካውያንን ብቻ ሲያስር እንደኖረ ጽፎ፣ ኢትዮጵያ ዛሬውኑ ትውጣ አለ። 4ኛዋ በጨዋ ደንብ አረመችው። ኢትዮጵያ የዚያ ፍርድ ቤት አባል ሆና አታውቅም፤ ካልገቡበት አይወጣም። ኮንጎ የከሰሰችበት ደግሞ አገርና አገር የሚካሰሱበት ሌላ ፍርድ ቤት ነው። እዚህ የተነሳው ሦስተኛ ነገር ነው፤ አንድ ተራ የአገር ፍርድ ቤት የሌላ አገር ሰው ሲዳኝ። 5ኛው ያው 3ኛው ሰውዬ ነው። ሄደም መጣም የነጭ ፍርድ ቤት ነው ብሎ ድርቅ አለ።

ክሩ ነፍስ የዘራው በ6ኛው ነው። ከአትላንታ የሚጽፍ ሰው ነው። ነገሩ የሩቅ እንዳይመስላችሁ ብሎ በከተማው የሆነውን አስታወሰን። አንዲት በቀይ ሽብር ጊዜ የተሰቃየች ሴት እዚያ ሆቴል በአስተናጋጅነት ትሠራ ነበር። አንድ ቀን የዚያው ሆቴል ሠራተኛ ሆኖ፣ የሆቴሉን ዩኒፎርም ለብሶ ያየችው ሰው በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 (ያኔ የከተማ አስተዳደር ክፍል ነው) ሊቀመንበር የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ ሆነ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሌሎች ሁለት ሴቶች ተጨመሩና ሦስቱ በ1990 ከሰሱት። የተጠቀሙት በ1789 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው። በ1993 ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ተፈረደላቸው። ሰውየው በኋላ ዜግነቱን ተነጥቆ በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተላከ። ጸሐፊው ሲዘጋ ትንሽ ቆጣ ብሏል። ለእነዚያ ሴቶች ስለ ሉዓላዊነት ማን ሊነግራቸው ይችላል አለን።

7ኛው ዴንቨርን ጨመረ። በከፍተኛ 15 እስር ቤት ጠባቂ የነበረን ሰው በ2011 አንድ የቀድሞ እስረኛ ካፌ ውስጥ ለየው። በሐሰት ማንነት ዜግነት በማግኘቱ ተከሶ 22 ዓመት ተፈረደበት።

8ኛዋ ውኃ ቸለሰችበት። የአትላንታው የካሳ ክስ፣ የዴንቨሩ የኢሚግሬሽን ክስ ነው፤ ሁለቱም ከተነሳው ጉዳይ ጋር አይገናኙም አለች። የሚገናኘውን ካነሳን የሆላንዱን እናንሳ ብላ ቀጠለች። የደርግ ተጠሪ ሆኖ ጎጃም የነበረው እሸቱ ዓለሙ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ በ1970 በእኛ አቆጣጠር 75 እስረኞችን በማስገደል፣ በታኅሣሥ 2017 ሄግ ባለ የአገሪቱ ፍርድ ቤት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በ2022 ይግባኙም አልሰመረለትም። እሷም ብትሆን ሰውየው የሆላንድ ዜግነት እንደነበረው አልሸሸገችም። ነገሩ ፍጹም ንጹሕ ምሳሌ እንዳልሆነ ስለምታውቅ ነው። 6ኛው መልሶ መጣና ምሳሌው ንጹሕ ሆነ አልሆነ ለሟች እናት ምን ይፈይዳል ብሎ ወረደባት። በእኔ ግምት ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚያወሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው።

9ኛውን ብዙ ሰው ያለፈው ይመስለኛል፤ አትለፉት። ኪጋሊ የኖረ ሰው ነው። ሩዋንዳን ተመልከቱ ይላል። በ2001 ብራስልስ ውስጥ አራት ሩዋንዳውያን፣ ሁለቱ መነኮሳት፣ በዘር ማጥፋቱ ተፈረደባቸው። ያ ሁሉ በዚያው አሁን በምንረግመው የቤልጂየም ሕግ ነው። ያን ጊዜ ሉዓላዊነቴ ተነካ ያለ አልነበረም። በየካቲት 2008 ግን አንድ የስፔን ዳኛ በ40 የሩዋንዳ የጦር መኮንኖች ላይ ክስ መሠረተ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የካጋሜ የፕሮቶኮል ሹም ሮዝ ካቡዬ በፈረንሳይ ማዘዣ ፍራንክፈርት ላይ ተያዘች። ያኔ ነገሩ የቅኝ ግዛት መልክ ያዘ። ለፈረንሳዩ ማዘዣ መነሻ የሆነው ምርመራ ከአሥር ዓመት በኋላ ባዶውን ተዘጋ። የአፍሪካ ኅብረት በሐምሌ 2008 ሻርም ኤል ሼክ ላይ ሥልጣኑ አላግባብ እየዋለ ነው፣ አባል አገሮች እነዚያን ማዘዣዎች አይፈጽሙ ብሎ ወስኖ ነበር። ጸሐፊው የሚለው፣ ያው አንድ አገር ያንኑ ሕግ አንዴ ያመሰግነዋል፣ አንዴ ይረግመዋል፤ የሚወስነው የተያዘው ሰው ማን መሆኑ ነው። 10ኛው መንግሥትና አገር አንድ አይደሉም ብሎ ደገፈው። 11ኛው የካጋሜ ደጋፊ ሆኖ ለሁለቱም ረዘም ያለ ስድብ ጻፈ። አወያዩ አጠፋው።

12ኛው የዚህ ክር ትልቁ ነው። ዝርዝሩን ላምጣው።

ሂሴን ሀብሬ ቻድን ከ1982 እስከ 1990 ገዛ። እስር ቤቱ አንዱ በፈረንሳዮች ጊዜ መዋኛ ገንዳ የነበረ ነው። ላዩን በኮንክሪት ደፍነው ውስጡን ክፍል ክፍል አደረጉት፤ ሕዝቡም ስሙን ገንዳው አለው። ሀብሬ ሲገለበጥ ሸሽቶ ዳካር ገባ፤ ተደላድሎ ኖረ። ከእስር ከወጡት አንዱ ሱሌይማን ጌንጌንግ የሚባል የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። በሕይወት ከወጣሁ እመሰክራለሁ ብሎ እስር ቤት ውስጥ ምሎ ስለነበር፣ የ792 ተጎጂዎችን ቃል ሰብስቦ ደበቀ። በ2001 ደግሞ ሂዩማን ራይትስ ዎች በተተወው የምስጢር ፖሊስ መሥሪያ ቤት ወለል ላይ የተበተኑ ሰነዶች አገኘ። ከወረቀቱ ውስጥ የ12,321 ተጎጂዎች ስም ወጣ፤ 1,208ቱ እስር ላይ የሞቱ ወይም የተገደሉ ናቸው።

ተጎጂዎቹ መጀመሪያ የሄዱት ዳካር ነው፣ በ2000። የሴኔጋል ሰበር ችሎት ሥልጣን የለኝም አለ። ከዚያ ብራስልስ ሄዱ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ያመጣት ነገር እኔን ቆም አድርጋኛለች። ቻድ ራሷ በ2002 ለቤልጂየም ጽፋ፣ የሀብሬን ያለመከሰስ መብት አንስቻለሁ አለች። ያለመከሰሱ የአገሩ ንብረት ከሆነ ባለንብረቱ ፈቀደ ማለት ነው። ቤልጂየም በ2005 አሳልፋችሁ ስጡኝ ስትል ሴኔጋል ጉዳዩን ወደ ኅብረቱ መራችው። ኅብረቱ በ2006 ባንጁል ላይ ሴኔጋል ሀብሬን በአፍሪካ ስም እንድትዳኘው ወሰነ። ሴኔጋል ዛሬ ነገ ስትል ዓመታት አለፉ። በ2012 የሄጉ ፍርድ ቤት፣ ያው ለኮንጎ የፈረደው፣ ሴኔጋልን ሳትዘገዪ ወይ ዳኚው ወይ አሳልፈሽ ስጪው አላት። በሚቀጥለው ዓመት ልዩ የአፍሪካ ችሎት ዳካር ላይ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ዳኛ የቡርኪና ፋሶ ሰው ነበሩ። ሀብሬ ነጭ ልብስ፣ ነጭ ጥምጥም፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ ይቀርባል። ቃል አይተነፍስም። አልቀርብም ሲል ጠባቂዎች ተሸክመው አስገብተውታል። ግንቦት 30 ቀን 2016 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

13ኛዋ ዳካር ሄዳ ታውቃለችና ስለ ከተማው ሙቀት ጻፈች። 14ኛው ቼቡጄን የሚባለውን የሴኔጋሎች ሩዝና ዓሣ አነሳ። ከዚያ 15ኛውም 16ኛውም ወደ ቪዛና ትኬት ገቡ። አወያዩ ሳቅ የሚል ምልክት አድርጎ ወደ ጉዳያችሁ ተመለሱ አለ።

17ኛው የተመለሰው በምሬት ነው። ሀብሬን ጋዳፊን እንዲወጋ ያስታጠቁት አሜሪካና ፈረንሳይ ናቸው፤ ከእነሱ ማን ዳካር ላይ ቆመ ሲል ጠየቀ። ከ12ኛው ጸሐፊ የመጣው መልስ አጭር ነው። ማንም አልቆመም፤ ያ ግን ሀብሬን ለመልቀቅ ምክንያት አይሆንም። 17ኛው እንዲህ ከሆነ ሁሌም የሚቆመው ታናሹ ነው አለ። ይሄኛውን ማንም አልመለሰለትም።

ከ18 እስከ 21 ያለው ጭቅጭቅ ነው። የመንግሥቱ ኃይለማርያም ስም ተነሳና ነገሩ ገነፈለ። 18ኛው በ1999 መንግሥቱ ለሕክምና ጆሃንስበርግ ሄዶ እንደነበር አስታወሰ። ደቡብ አፍሪካ ማሰቃየትን የሚከለክለውን ስምምነት ያጸደቀችው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብላ ነው። ልትይዘው ትችል ነበር፤ ሳትይዘው ሐራሬ ተመለሰ። 19ኛው፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ይመስሉኛል፣ አንድ ሽማግሌን ማሳደድ ይብቃ፣ ዚምባብዌም ሉዓላዊት አገር ናት፣ የፈለገችውን ታስጠጋለች አሉ። 20ኛዋ አባቷን ያጣች ናት። እሳቸውን አንቱ እያለች፣ ቃሉን ግን ሳታለዝብ፣ ልጅዎን ከደጅ ወስደውብዎት ቢሆን ይህን ይጽፉ ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። 21ኛው አስታራቂ ነው። ቢያንስ እኛ በራሳችን ፍርድ ቤት ዳኝተናል፣ ታኅሣሥ 2006 በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተብሏል፣ በ2008 ሞት ተፈርዶበታል አለ። ፍርዱ በሌለበት መሆኑን ግን ዘሎታል።

22ኛው ቀዝቀዝ አድርጎ ወደ ኋላ ወሰደን። የዘር ማጥፋት ስምምነቱን ከዓለም መጀመሪያ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት፣ በሐምሌ 1949። ለምን ቸኮለች? የካቲት 12ን ያየ አገር ስለሆነ ነው ባይ ነው። ከዚያ ዓመት በፊት፣ በ1948፣ የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀሎች ኮሚሽን ኢትዮጵያ ካቀረበችለት ውስጥ የአሥር ጣልያኖችን ስም ተቀብሎ ነበር፤ ባዶሊዮና ግራዚያኒ አሉበት። ብሪታንያ አላገዘችም፤ ጣልያን አንድም ሰው አልሰጠችም። ግራዚያኒ በአገሩ የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ እንጂ አዲስ አበባ ላይ ባፈሰሰው ደም አይደለም። ወዲያው ወጣ። በ2012 አፊሌ በምትባል ከተማ መታሰቢያ ቆመለት። ጸሐፊው የኔን ጥያቄ ገልብጦ መለሰልኝ። ያኔ ስዊድን ወይም ብራዚል ግራዚያኒን ይዛ ብትዳኘው ኖሮ ማን ኢትዮጵያዊ ስለ ጣልያን ሉዓላዊነት ይጨነቅ ነበር?

መልስ አጣሁለት። ለነገሩ እኔ የምቃወመው ሥልጣኑን ሳይሆን ሥልጣኑ ወደ ታች ብቻ መፍሰሱን ነው።

23ኛዋ ከገልፍ ነው የምትጽፈው። ቤይሩትና ሪያድ ላይ እህቶቻችንን ገድለው ከፎቅ ወደቀች የሚሉትን አሠሪዎችስ ይህ ሕግ አይነካም ወይ ብላ ጠየቀች። የ1ኛው መልስ ጸሐፊ ተመልሶ በጥንቃቄ መለሰላት። አንድ ሰው ቤት ውስጥ የሚፈጸም ግድያ፣ ምንም ያህል ቢዘገንን፣ በዚህ ሥር አይገባም። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 18 ግን በውጭ አገር በኢትዮጵያዊ ላይ የተፈጸመን ወንጀል እንዳይዳኝ በሩን አልዘጋም። ችግሩ ሰውየውን ማን ያመጣዋል ነው። እሷም እንግዲያ ለእኛ ወረቀት ብቻ ነው አለችና ወጣች። እውነቷን ነው።

24ኛው ትንሽ አገር ሁሌ ተከሳሽ ብቻ አይደለችም ብሎ ሲሼልስን አመጣ። ሕዝቧ ያኔ መቶ ሺህ አይሞላም። የሶማሊያ የባሕር ወንበዴዎች ዓሣዋንና ቱሪስቷን ሲያጠፉባት በ2010 ሕጓን አሻሻለች፤ የአውሮፓ መርከቦች የያዟቸውን ጭምር ተቀብላ ቪክቶሪያ ላይ ዳኘች። 25ኛው ግን ይሄኮ ትልልቆቹ አገር ቤት ማሰር ያልፈለጉትን እሷ ላይ ማራገፋቸው ነው አለ። ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን የወደቦቿን ጥቅም መርሳት ነው።

26ኛዋ በቋንቋ በኩል መጣች። የጋምቢያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ኡስማን ሶንኮ በ2024 ስዊዘርላንድ፣ ቤሊንዞና ላይ ተዳኘ፤ 20 ዓመት ተፈረደበት። ችሎቱ ግን በጀርመንኛ ነበር። ከባንጁል ድረስ በረው የመጡ ተበዳዮች ተቀምጠው የሚባለውን መከተል አልቻሉም። ፊንላንዶች የሴራሊዮኑን ጂብሪል ማሳኳይን ላይቤሪያ ውስጥ ፈጸመ በተባለው የጦር ወንጀል ሲዳኙ ችሎቱን ራሱን ይዘው ሞንሮቪያ ድረስ ሄዱ፤ ምስክሮችን እዚያው ሰሙ፤ በመጨረሻም ነፃ አወጡት። የአገር ክብር የሚባለው ለእሷ ይኸ ነው። ተበዳዩ የራሱን ጉዳይ በሚገባው ቋንቋ ሲሰማ።

ትናንት ማታ የገባው 27ኛው ክሩን ወደ ደጃችን አመጣው። እስካሁን ሌሎች እኛን ይዳኙ ወይ ስንል ነበር፤ እኛስ ለምን አንዳኝም ይላል። በእኛ አቆጣጠር የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 17 በውጭ አገር ዓለም አቀፍ ወንጀል የፈጸመን ማንኛውንም ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ መዳኘት ይፈቅዳል። ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች ኩመርና አውላላ መጠለያ ገብተው ነበር። ከነሱ አንዱ ቤተሰቡን የፈጀበትን አዛዥ ቦሌ ላይ ለሕክምና ሲያልፍ ቢያየው፣ ለኅብረቱ ስብሰባ የመጣ ሚኒስትርም ባይሆን፣ ይታሰር?

28ኛው ወዲያው ይታሰር አለ። 29ኛው ጦርነቱን ድንበር አሻግረን እንጋብዝ ወይ ብሎ ተቆጣ፤ የትንሽ አገር ጉዳት እዚህ ላይ ነው፣ ቤልጂየምን የሚወር የለም አለ። 30ኛው ያ 2ኛው ባለ ተረት ነው፤ ዘንድሮ ተረት አጥሮታል፤ ይጣራ ብቻ አለ።

እኔ ከ28ኛው ጋር ነኝ፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ዳካር ላይ እንደሆነው፣ ከሳሹ ራሱ ሱዳናዊው ይሁን፤ ዳኞቹም ከጎረቤት አገሮች ጭምር ይምጡ። 31ኛው ይህን አንብቦ የጻፈልኝ፣ ቦሌ ያለው ፖሊስ አንቀጽ 17ን ከመክፈቱ በፊት መጀመሪያ ስልክ የሚደውለው ለማን እንደሆነ ብትነግረኝ እስማማለሁ የሚል ነው። የምታውቁ ከሥር ጻፉለት።